ሸሪር ማኅበር የገባ ዕለት

ክፉ ሰው ስትገዙ መጀመሪያ ጉልበቱን እዩ። ፊቱን አትመኑ፤ ፊት በማንም ላይ ይሣላል። ቀለሙንም አትመኑ፤ ቀለም በጥፍር ይለቃል። ጉልበቱን ግን አጠፍ ዘርጋ አድርጋችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በየደረጃው ከታጠፈ ቁም ነገር ያለው ክፉ ነውና ውሰዱት፤ ብዙ ዘመን ያገለግላችኋል። እንደ ረጠበ ገመድ ዝም ብሎ ከተጣጠፈ ግን መልሱት። እንዲህ ያለው ክፉ ቆሞ ማስፈራራት እንኳ አይችልም።

የማወራው ስለ አሻንጉሊት ነው። ዛሬ ዛሬ ደብረ ታቦርም አስፋልቱ ዳር ባሉት ሱቆች ይሸጣል። ብረት የለበሰ ሰው መስሎ ይቆምና እጅና እግሩን ሲያጣጥፉት መኪና ይሆናል። ሮቦት ይሉታል። ምንጊዜም ሁለት ወገን ነው፤ ደጉ አለ፣ ክፉው አለ። እኔ ሱቅ ገብቼ ክፉውን አንሥቼ ሳገላብጥ ባለሱቁ «ለልጅሽ ነው?» ይለኛል። ልጅ የለኝም። «አይ፣ ጉልበቱን ላየው ብዬ ነው» ማለት ደግሞ ከአፌ አይወጣም። ስለዚህ አሻንጉሊቱን መልሼ አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ። ሱቅ ውስጥ ያልወጣልኝን ነው እንግዲህ እዚህ የምጽፈው።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ትምህርት ቤት እያለሁ መምህሩ ስሜን ሲጠራ «አቤት» የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት እስካቆም ድረስ መምህሩ እሷን እኔ፣ እኔን እሷ እያለ ኖረ። የዓመቱ መጨረሻ ላይ ለጠባየ መልካምነቴ ሲሸልሙኝም ደብተሩን ተነሥታ የተቀበለችው እሷ ናት። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ ነበረ የተሸለመው።

ይህን ጠባዬን ይዤ ነው ዐረብ አገር የሄድኩት። ሥራዬ ቤት ማጽዳት ነው ተብሎ ነበር፤ አጸዳሁም። ዋናው ሥራዬ ግን ክፉ መሆን ነበር።

የቤቱ ልጅ ሪም ትባላለች። ስደርስ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም። ሁለት ሮቦቶች ነበሯት። ደጉ ነጭ ሆኖ ሲታጠፍ አምቡላንስ ይሆናል። ክፉው ጥቁርና ወይን ጠጅ ሆኖ ሲታጠፍ ሲሚንቶ ማቡኪያ መኪና ይሆናል። ሲሚንቶ ማቡኪያ ምን ክፋት አለው ብዬ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። በኋላ አገሬ ገብቼ፣ ሠፈራችን ውስጥ ፎቅ ሲጀመር፣ አንዱ መንገዱን ዘግቶ ሲያጓራ ሲውልና ሲያድር አሻንጉሊቱን የሠራው ሰው የሚያውቀው ነገር እንዳለ ገባኝ።

ሪም ሁልጊዜ ደጉን ትይዛለች። ክፉው ለእኔ ነው። ስሙ ሸሪር ነው። ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑት ዓይኑ ቀይ ያበራና በወፍራም ድምፅ በዐረብኛ ይናገራል፤ «እኔ የጨለማ ንጉሥ ነኝ!» ይላል። ድጋሚ ስትጫኑት «ከዚህ አልወጣም!» ይላል። ሦስተኛው ሣቅ ነው፤ ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ ሣቅ። እኔ ዐረብኛ የተማርኩት ከእሱ ነው። አንድ ቀን ዳቦ ቤት ተላክሁና ዳቦ ሻጩ ቆይተሽ ተመለሽ ብሎ እጁን ሲያወናጭፍብኝ የማውቀው ቃል «ከዚህ አልወጣም» የሚለው ብቻ ስለ ነበረ ቀስ ብዬ እሱኑ አልኩት። ሰውዬው ዓይን ዓይኔን አየኝና ወዲያው ትኩስ ትኩሱን መርጦ ሰጠኝ።

መለወጡንም ያስተማረችኝ ሪም ናት። አስቸጋሪ ነበር። መጀመሪያ ጀርባው ላይ ያለው በርሜል ይነሣል፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ክንዶቹ ወደ ጎን ታጥፈው በር ይሆናሉ፤ እግሮቹ ተጋጥመው ጎማውን ይሸከማሉ። አንዱን ካስቀደማችሁ ሌላው አይገባም። እኔ ሁልጊዜ ክንዱን አስቀድም ነበርና ሪም ግንባሯን በመዳፏ እየመታች «ያ አላህ» ትል ነበር፤ ልክ እናቴ ወጥ ሲያርብኝ «አይ የኔ ነገር» እንደምትለው።

ግምገማ ከተባለ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሸሪር እንከን አለው። አንገቱ አይዞርም። ወደ ጎን ለማየት እንደ አዲስ ሙሽራ መላ ሰውነቱን ማዞር አለበት። የግራ ክንዱ መጋጠሚያው ልል ነውና እየዛተ ሳለ ይወድቅበታል። ጉልበቱ ግን ወደር የለውም። ምንጣፍ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ የእኔ እግር ላይ ሳይቀር ይቆማል። ብዙ ዓመት በየቀኑ ተሸንፎ ጉልበቱ ያልላላ ሌላ ክፉ እኔ አላየሁም።

ሥራዬን ጨርሼ ልመለስ ስል ሪም አድጋ ጥርሶቿ ሁሉ በቅለው ነበር። በሩ ላይ ሮጣ መጣችና ሸሪርን ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። አላቀፈችኝም። እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ጀግና እንደሚቆመው ቆመች። እኔም ያው ነኝ፤ ምንም ሳልናገር ወጣሁ።

ደብረ ታቦር ከገባሁ በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ ድንች መላጥ ጀመርኩ። የጉና ድንች ነው፤ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፣ ሲበሉት ቅቤ ነው። ድንች አያናግርም፤ ሥራው ተስማማኝ። ያመጣሁት ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሁሉም ለዘመድ ለአዝማድ ተከፋፍሎ አለቀ። ለእኔ የቀረኝ ሸሪር ብቻ ነው። ማታ ማታ ከሻንጣው አውጥቼ ጉልበቱን አንድ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ ሻንጣዬን ከፍታ ሸሪርን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ እንደ ሞተ አይጥ ከፊቷ አርቃ ይዛዋለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አሻንጉሊት ነው፣ እማ።»

«ቀንድ አለው።»

«ቀንድ አይደለም። የጭስ መውጫ ነው።»

«ጭስም ይወጣዋል?»

እዚህ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። ነገር ግን ጭንቅ ሲይዘኝ ምላሴ ይተሳሰራል፤ አልመለስኩላትም። እናቴ ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችው።

«እኔም እላለሁ» አለች፣ ሸሪርን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ። «ከመጣች ጀምሮ ይች ልጅ ምን ነካት እላለሁ። አትስቅ፣ አትጫወት። ደህና ሰው ሽማግሌ ቢልክባት ድንች ክፍል ገብታ ተሸሸገች። ለካ የያዛትን በሻንጣ ይዛው መጥታለች።»

ከመሄዴም በፊት አልናገርም ነበር። ያኔ ግን ጭምት ነሽ እባል ነበር። ዐረብ አገር ደርሶ ለተመለሰ ሰው ዝምታ ስሙ ይቀየራል፤ መንፈስ ይባላል። ይህን ልነግራት ፈለግሁ፤ ለመንገር ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

«እሑድ ማኅበሩ የእኛ ተራ ነው» አለች እናቴ። «መምሬ ጥበቡ ይመጣሉ። እሳቸው ይዩት። ደግ ነው ካሉ ይቀመጣል፤ ክፉ ነው ካሉ እዚያው ጓሮ ይቃጠላል።»

ክፉ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ጭንቀቴ እሱ ነበር።

እሑድ ደረሰ። የማርያም ማኅበርተኞች ተሰበሰቡ፤ ጸሎት ተደረገ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ የዳጉሳው ጠላ ተቀዳ። እኔ ጋኑ ጥግ ተቀምጬ እቀዳለሁ። ጋን ለዓይነ አፋር ሰው የተሠራ ዕቃ ነው፤ ያስጠልላል፣ ሥራም ያስይዛል። ጨዋታው ሞቅ ሲል እናቴ ጓዳ ገባችና ሸሪርን በሰፌድ ላይ አድርጋ፣ በነጠላ ሸፍና፣ እንደ ድፎ ዳቦ ይዛው ወጣች። ነጠላው ሲገለጥ ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ቀስ ብለው ብርጭቋቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

መምሬ ጥበቡ የነፍስ አባታችን ናቸው። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ጆሯቸው ግን የአይጥ ኮቴ ይሰማል። ሰፌዱን አስጠግተው አዩት፤ አዟዙረውም አዩት።

«ማን ነው ይሄ ሰውዬ?»

«እሱን እንዲነግሩን ነው፣ መምሬ» አለች እናቴ። «ከልጅቱ ሻንጣ ነው የተገኘው።»

«እንግዲያስ ጸበል አይጎዳውም» አሉና ከያዙት ኮዳ በመዳፋቸው ጨልፈው ረጩት።

ሸሪር ዓይኑን አበራ። ከዚያ ሣቀ።

አሻንጉሊት እንደሆነ የማውቀው እኔ እንኳ የጠላ ማንቆርቆሪያዬን ለቀቅሁት። ያን ሣቅ ዐረብ አገር ምንጣፍ ላይ ሆናችሁ ስትሰሙት ጨዋታ ነው። ማኅበር መካከል፣ ሥዕለ ማርያም ሥር፣ ጸበል በተረጨ ቅጽበት ስትሰሙት ግን ሌላ ነው። ግማሹ ሰው ዘሎ መደቡ ላይ ወጣ።

«ጮኸ» አሉ እትዬ ደብሬ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጸበሉ ሲነካው ጮኸ። ጠይቁት፣ መምሬ። ሳይበርድ ይጠየቅ።»

በእኛ አገር ይህ ደንብ አለው፤ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ጸበል ሲነካው የጮኸ መንፈስ ዝም አይባልም። ማን ነህ ይባላል፣ ከየት መጣህ ይባላል፣ ውጣ ይባላል፤ ሲወጣም ምልክት ስጥ ይባላል። መምሬም ከጮኸ እንግዲህ ደንቡ ደንብ ነው ብለው መስቀላቸውን አወጡ።

«አንተ ማን ነህ?»

ውኃው ቁልፉ ውስጥ ገብቷል መሰለኝ፤ ሸሪር ማንም ሳይጫነው በዚያ ወፍራም ድምፁ በዐረብኛ መለሰ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጋኑ አዞረ። ዐረብኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

«ምን አለ?» አሉኝ መምሬ።

መዋሸት እችል ነበር። የዳቦ መኪና ነኝ አለ ብል ማን ይከራከረኛል? ግን የነፍስ አባቴ መስቀል ይዘው ቆመው እንዴት ልዋሽ? ደግሞም ውሸት ለዓይነ አፋር አይሆንም፤ ቃል ይበዛበታል። እውነት ያጥራል።

«እኔ የጨለማ ንጉሥ ነኝ ይላል» አልኩ።

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ንጉሥ» አሉ እትዬ ደብሬ። «ተራው እንኳ አይደለም። ስሙን ታውቂዋለሽ፣ ልጄ?»

«ሸሪር።»

«ምን ማለት ነው?»

«ክፉ ማለት ነው።»

«አየሽ፣ ሊደብቀው እንኳ አልፈለገም።»

መምሬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እንግዲያስ ከዚህ ቤት ውጣ!»

ሸሪር መለሰ። ምን ብሎ እንደሚመልስ እናንተም ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ እኔን አየ። እኔ የጠላውን አተላ አየሁ።

«ከዚህ አልወጣም ይላል።»

ከዚህ በኋላ የቀረው ጸበል በሙሉ በሸሪር ላይ ፈሰሰ። ወዲያው ድምፁ መለወጥ ጀመረ። የጨለማው ንጉሥ ቃሉን እየጎተተ፣ እየወፈረ፣ እንደ ታመመ በሬ ማጓራት ያዘ። የዓይኑ ቀይ መብራት ደበዘዘ።

«እየለቀቀ ነው» አሉ እትዬ ደብሬ። «ምልክት ይስጥ።»

ያ ልል የግራ ክንዱ በዚህ ጊዜ ተንሸራቶ ሰፌዱ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ።

እልል ሊባል ነበር። እናቴ እጇን ወደ አፏ አስጠግታለች። መምሬ ግን «ቆዩ፣ ቆዩ» ብለው ጆሯቸውን ወደ ሰፌዱ አዘነበሉ። ሸሪር የመጨረሻዋን «አልወጣም» እያንቋረረ ነው። መምሬ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ትውስታ የመጣባቸው ሰው መሰሉ።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ። «የእኔ ራዲዮ ድምፅ ነው። ዜናው መሐል ላይ ሲደክም ልክ እንዲህ ነው የሚያጓራው። አንች ልጅ፣ ይሄ ነገር ባትሪ አለው?»

«አለው፣ አባቴ።»

«የቱ ጋ?»

«ጀርባው ላይ። በርሜሉ ሥር።»

«ነይ አውጪው።»

ከጋኑ ሥር ተነሥቼ፣ በሰው ሁሉ መሐል አልፌ፣ ክዳኑን በጥፍሬ ከፍቼ ባትሪዎቹን አወጣሁ። ሸሪር ጸጥ አለ። መምሬ አንዱን ባትሪ ተቀብለው ወደ ብርሃን አድርገው አዩት።

«የእኔን ዓይነት ነው» አሉ።

«መምሬ» አለች እናቴ፣ «ሰይጣን በባትሪ አይገባም?»

«ባትሪ ካስፈለገውማ ደክሞታል ማለት ነው።»

ማኅበርተኞቹ ሣቁ፤ እናቴ ግን አልሣቀችም። እትዬ ደብሬም በቀላሉ የሚለቁ ሴት አይደሉም። «ባትሪው ይሁን» አሉ። «ስሙ ግን ክፉ ነው። ራሱ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ክፉ ነኝ ያለን ነገር ቤት ውስጥ ማኖር ምን ይባላል?»

መምሬ ይህ ጥያቄ ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሳይጠየቅ አይፈረድም። ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደያዝሽው ንገሪንና እንፍረድ።»

እናቴ ጓሮ ያዘጋጀችውን ጭራሮ ከቆምኩበት አየዋለሁ። ከሰው ፊት ብናገር እሞታለሁ፤ ካልተናገርኩ ሸሪር ይቃጠላል። የወደቀውን ክንድ አነሣሁና መጋጠሚያውን ገፋ አደረግሁት። ቀጭ አለ።

«ይሄ» አልኩ፣ «ሲሠራም ልል ነው። እንከኑ ነው። ጉልበቱ ግን እንዲህ አይደለም።»

«እስቲ» አሉ ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ።

ጉልበቱን አጠፍኩላቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሰፌዱ ላይ አቆምኩት፤ ቆመ። ከዚያ ዳቦው ላይ አቆምኩት፤ ቆመ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። በርሜሉ ለምን መቅደም እንዳለበት፣ ጭንቅላቱ የት እንደሚገባ፣ ክንድ የሚያስቀድም ሰው ምን እንደሚደርስበት ተናገርኩ። ሪም ማን እንደሆነች፣ እሷ ደጉን ይዛ እኔ ክፉውን ይዤ ምንጣፉ ላይ ከጓዳ እስከ ሳሎን እንዴት እንደምንሳደድ፣ ዳቦ ሻጩ ምን እንዳደረገኝ ተናገርኩ። ማኅበርተኞቹ ሲሥቁ የሚሥቁት በእኔ መሆኑን ረስቼ እኔም ሣቅሁ። የመጨረሻውን ጎማ ስገጥመውና ሸሪር መኪና ሆኖ ሰፌዱ ላይ ሲንከባለል ሽማግሌው ከመደቡ ወረዱ።

«ሲሚንቶ ያቦካል?»

«አያቦካም፣ አባባ። በርሜሉ ግን ይዞራል።»

«አዙሪው እስቲ።»

አዞርኩላቸው። ጠላ የሚቀዳ ሰው እንደሌለ ማንም አላስታወሰም። ቀና ስል እናቴ ሸሪርን እያየችው አይደለም፤ እኔን እያየችኝ ነው። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች።

መምሬ ፈረዱ። «መኪና ሆኖ ይቀመጥ። መኪና ኃጢአት የለበትም፤ ኃጢአቱ የሾፌሩ ነው። ሰው ሲያደርጉት ግን ሥዕለ ማርያም ካለበት ክፍል ይውጣ። ባትሪውም አይመለስለት።» ባትሪዎቹን ኪሳቸው ከተቱ። ለራዲዮናቸው ይሆን ብዬ አልጠየቅሁም።

እትዬ ደብሬ ሲወጡ በሩ ላይ ያዙኝ። «ያን ጉልበት» አሉኝ ዝቅ ብለው፣ «አንዴ ደግመሽ አሰሚኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሸሪር በፍርዱ መሠረት ቁም ሣጥኑ ላይ መኪና ሆኖ ተቀመጠ። እናቴም ስለ እሱ አንድ ቃል ሳትናገር ሰነበተች። አንድ ከሰዓት ከድንቹ ቶሎ ተለቅቄ ቤት ስገባ ሳሎን ማንም የለም። ጓዳ ስገባ እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሸሪርን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ግማሹ ሰው፣ ግማሹ መኪና ሆኗል፤ ጭንቅላቱ በጎማው መሐል ወጥቶ ቀርቷል። ስታየኝ በነጠላዋ ሸፈነችው።

«አቧራውን ልጠርግለት ብዬ ነው» አለች።

«ክንዱን አስቀድመሽው ነው፣ እማ።»

«በምን አወቅሽ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ክንዱን መለስኩላት። ከዚያ በርሜሉን አነሣችው፤ ጭንቅላቱ ወጣ፤ እግሮቹን ዘረጋቻቸው። ጉልበቱ ቀጭ ሲል ደንገጥ አለችና ፈገግ አለች። ጭኗ ላይ አቆመችው፤ ቆመ።

«እና እዚያ ምን ትሆኝ ነበር? በጨዋታው?»

«እሸነፍ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«አንድ ቀን እንኳ አታሸንፊም?»

«ክፉው እኮ እኔ ነኝ፣ እማ።»

በአውራ ጣቷ ሸሪር ትከሻ ላይ ያለውን የተላጠ ቀለም ዳሰሰችው፤ ልጅ የያዘው ቦታ መሆኑን እንደ ገባት ሁሉ።

«አሁን ያች ልጅ» አለች፣ «ከማን ጋር ትጣላለች?»

ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ስለ እኔ ሻንጣ፣ ስለ እኔ ናፍቆት፣ ስለ እኔ ሸሪር ሳስብ ኖሬ፣ ነጩ አምቡላንስ ብቻውን ምንጣፍ ላይ መቅረቱ በልቤ አልፎ አያውቅም።

እናቴ መልስ አልጠበቀችም። ሸሪርን አንሥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከግድግዳው ማማሰያዋን አወረደችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሣች።

«በይ ተነሽ» አለች። «ለዛሬ እኔ እጣላሻለሁ።»

የጨለማው ንጉሥ መሆኔን ነገርኳት። በአማርኛ ነው፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ከጓዳ እስከ ሳሎን በር ድረስ አባረረችኝ፤ ሥዕለ ማርያም ያለበት ክፍል እሱ ነውና የመምሬን ፍርድ አስታውሳ አስቆመችኝና እዚያው ደፉ ላይ ተሸነፍኩ።